ሦስት ሰሌዳ በአንድ ግቢ

አባቴ ስለ ፔንሲልቬንያ ምርጫ የማያውቀው ነገር የለም። የትኛው ከተማ ለማን እንደሚያደላ፣ የትኛው ገጠር ዘንድሮ እንዳኮረፈ፣ አሜሪካኖች በፕሬዚዳንታቸው ዘመን አጋማሽ ላይ በሚያደርጉት ምርጫ ሥልጣን ላይ ያለውን ፓርቲ መቅጣት ለምን እንደሚወዱ ሲያብራራ ብትሰሙት የካናዳዋ ካልጋሪ አየር ማረፊያ ባለታክሲ ነው ብትባሉ አታምኑም። ፔንሲልቬንያን ረግጦ አያውቅም። እዚያ የሚኖር ዘመድም የለንም። "እሺ አባዬ፣ እዚህ ፋልከንሪጅ፣ ሰፈራችን፣ እኛን ወክሎ ከተማው ምክር ቤት የሚቀመጠው ማነው?" ብዬ ስጠይቀው ግን ሻዩን ፉት ይልና "እሱን እናትሽን ጠይቂያት" ይለኛል።

እኔ ደግሞ በዚህ እበግናለሁ። ሲፈጥረኝ ቶሎ የምግል ነኝ። ቴሌቪዥኑ "ኢኮኖሚ፣ ኢኮኖሚ" ባለ ቁጥር እኔና አባቴ እንጣላለን። ለእሱ ኢኮኖሚ ማለት የነዳጅ ዋጋ ነው፤ ነዳጅ ሲወደድ የነዳጅ ኩባንያ ሰዎች በአውሮፕላን ይመላለሳሉ፣ ሲመላለሱ ታክሲ ይይዛሉ፣ አለቀ። ለእኔ ኢኮኖሚ ማለት ሰው ሥራው ቦታ በሰላም መድረሱ፣ የቤት ኪራዩን ከፍሎ የሚተርፈው መኖሩ፣ ልጁን የሚያውልለት ማግኘቱ ነው። "ሶሻሊስት ወለድኩ እኮ" ይላል እየሳቀ። እናቴ በዚህ ክርክር ውስጥ አትገባም፤ ሲሰለቻት ሪሞቱን ከእጁ ትወስድና መዝሙር ትከፍታለች።

ያን ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ግን እኛም የራሳችን የአጋማሽ ምርጫ መጣብን። የአካባቢያችን የምክር ቤት ተወካይ ዘመኑን ሳይጨርስ ሥራውን ለቀቀና ወንበሩን ለመሙላት የማሟያ ምርጫ ተጠራ። አሜሪካኖቹ ለራሳቸው ምርጫ ሽር ጉድ በሚሉበት ሰሞን ነው። እንዲህ ዓይነቱን ምርጫ ማንም ልብ አይለውም። በእኛ ቤት ግን አንድ አውቶቡስ ነበረብን።

እናቴ ኦግደን የሚባል ሰፈር ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበትና የሚተኮስበት ፋብሪካ ትሠራለች። መኪና አትነዳም። ሊያስተምሯት የሞከሩ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከመኪናው የወረዱት ተጣልተዋት ነው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ትወጣና የመጀመሪያውን አውቶቡስ ትይዛለች። አውቶቡሱ ውስጥ የራሷ ማኅበር አላት። አንዲት ፊሊፒናዊት ጓደኛዋ ከኋላ በር አጠገብ ቦታ ትይዝላታለች፤ አንድ ጥምጥም የሚያስሩ የፑንጃብ ሽማግሌ ደግሞ ሄል ያለው ከረሜላ ያድላሉ። አባቴ በዚያ ሰዓት አየር ማረፊያ ነው፤ ሥራው የሌሊት ነው። እኔ ሌላ ሰፈር፣ አቢዴል፣ ተከራይቼ ነው የምኖረው። "እኔ ላድርስሽ" ብላት "ልጅ ከእንቅልፍ ቀስቅሼ ሥራ አልሄድም" ብላ ዘጋችኝ።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ አባቴ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ወጡን አሙቆ ይጠብቃታል። እሱ ለሥራ እስኪወጣ ድረስ ያለችው ጊዜ የሁለቱ ናት። አብረው ይበላሉ። በቴሌቪዥኑ ይጨቃጨቃሉ። ከዚያ እሷ እግሯን እሱ ጭን ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ታሸልባለች፣ እሱም እንዳትነቃበት ድምፁን ቀንሶ ስለ ፔንሲልቬንያ ያዳምጣል። ልጅ ሆኜ እንኳ በዚያ ሰዓት ቤት መግባት እንግዳ የመሆን ያህል ይሰማኝ ነበር።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ከቀረቡት የቁጠባ ሐሳቦች አንዱ ያንን የንጋት አውቶቡስ ማስቀረት ነበር። ተሳፋሪው ትንሽ ነው ተባለ። አውቶቡሱ ከቀረ እናቴ ያላት ምርጫ ወደ ከሰዓት ሺፍት መዛወር ብቻ ነው። ያኔ አባቴ ሲተኛ እሷ ትወጣለች፣ እሷ ስትገባ እሱ ወጥቷል። ውሳኔው የሚሰጠው ከማሟያ ምርጫው በኋላ ስለሆነ የአዲሱ ተወካይ ድምፅ ወሳኝ ነበር። እኔም ወዲያው ለወንበሩ ለምትወዳደር አንዲት የቀድሞ አስተማሪ ቮለንቲር ሆንኩ። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሕፃናት ማዋያ የምትናገረው ሁሉ የልቤን ነበር። አረንጓዴ የቅስቀሳ ሰሌዳዋን በገዛ እጄ ከወላጆቼ ቤት ፊት ሣሩ ላይ ተከልኩት፤ ያን ቀን እሷም አብራኝ መጥታ እናቴ ዳቦ አብልታታለች።

ከዚያ በየምሽቱ በር ማንኳኳት ሆነ ሥራዬ። በር ማንኳኳት የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለ። ሰው ሁሉ ስለ ፖለቲካ ግድ የለውም ይባላል እንጂ ውሸት ነው። "አይ፣ እኔ ፖለቲካ አልወድም" ብሎ የጀመረ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ሲጠየቅ ብርድ ላይ በካልሲ ቆሞ ያወራል። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ በሩን በእግሯ ደግፋ ስለ ሕፃናት ማዋያ ተራ ስትነግረኝ፣ ተቆጥቼ ወደ ቀጣዩ በር ሮጥኩ። ደስ ይለኝ ነበር። እግሬ ቢደነዝዝም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ወላጆቼ ዘንድ ስመጣ ከመኪናዬ ሳልወርድ ጮህኩ። ሣሩ ላይ ሦስት ሰሌዳ ቆሟል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

"እማዬ! ይሄ ምንድን ነው?"

"የቱ?" አለች በሩ ላይ ቆማ።

"ቢጫው! ቀዩ! ቀዩ እኮ ታክስ እቀንሳለሁ ብሎ አውቶቡስሽን ሊያስቀር የሚችለው ሰውዬ ነው!"

"እንግዶች መጥተው ነበር" አለች ረጋ ብላ። "ሰው ብርድ ላይ ቆሞ፣ በትሕትና ሰሌዳ ላቁም ወይ ሲለኝ ምን ልበለው?"

"እምቢ በዪው!"

"ደጄ ድረስ የመጣን ሰው?"

ይሉኝታ እናቴን እንዲህ አድርጓታል። ይባስ ብሎ በር ላይ አልሸኘቻቸውም፤ አስገብታ፣ ሻይ አፍልታ፣ ለእሁድ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ቆርሳላቸዋለች። ቢጫው ጡረታ የወጣ፣ ስለ መንገድ ጉድጓድ ብቻ የሚያወራ ሽማግሌ ነበር፤ እሱ ቁራሹን በናፕኪን ጠቅልሎ ለሚስቱ ወሰደ። ቀዩ የቤት ዕቃ ነጋዴው ደግሞ ሁለቴ በላ። እኔ ለስንት ሰው ሳስረዳ የከረምኩትን ተቃዋሚ እናቴ ስታጎርሰው ዋለች ማለት ነው። ቀዩን ሰሌዳ ልነቅል ጎንበስ ስል "ንኪውና!" አለችኝ፤ በዚያ ድምፅ ከተናገረች አይነካም።

ቅደም ተከተሉም በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ቢጫው መጨረሻ ላይ ሲመጣ ዳር ላይ ነበር የቆመው፤ እሷ ግን "አላማረም" ብላ አባቴን አስነቅላ መሃል አስተከለችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሳችሁ ገምቱት። በመንገዱ የሚያልፍ የሐበሻ ታክሲ ሁሉ ክላክስ ማድረግ ጀመረ። ከቤተ ክርስቲያን አንዷ ደውላ "ምን በዓል ነው? እኛ ሳንሰማ?" አለች። ሌላዋ ጭራሽ ሰርግ መስሏት "ልጅሽን ልትድሪ ነው አሉ!" ብላ እልል አለች፤ እናቴ ለማስተባበል ያልቸኮለችው ነገር አሁንም ይከነክነኛል።

የእኛ ቅስቀሳ አስተባባሪ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች የሆኑ ወጣት ነው። ወሬው ደርሶት ቤታችን ድረስ መጣ። እሱም እንደሌሎቹ ሻይና ዳቦ ፊቱ ቀረበለት።

"እትዬ፣ ላይክ፣ አንቺ... ሶሪ፣ እርስዎ፣ ሦስቱንም ሰፖርት ያደርጋሉ?"

"አይ ልጄ" አለች እናቴ። "ሦስቱ ናቸው አውቶቡሴን ሰፖርት የሚያደርጉት። ሁሉንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁሉም አያለሁ ብለውኛል።"

"በት እትዬ፣ ፖለቲሺያን እኮ አያለሁ ይላል፣ ዩ ኖው፣ ከዛ ምንም አያደርግም።"

"ቤቴ በልቶ?"

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔም ትከሻዬን ሰበቅኩ። ለዚህ ጥያቄ በቅስቀሳ ሥልጠናችን ላይ የተሰጠን መልስ የለም። "ታዲያ ቮት የሚያደርጉት ለማን ነው?" ብሎ እንደ መጨረሻ ተስፋ ጠየቃት።

"እሱማ ሚስጥር ነው። ዳቦ ጨምር።"

አባቴ ከሶፋው ሆኖ ይስቃል። ምርጫው እሱን የማይመለከተው ይመስል ነበር። ዜግነት ከወሰደ ስንት ዘመኑ፣ እዚህ አገር አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። አገር ቤት አንዴ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ተስፋ አድርጎ መርጦ ነበር፤ ከዚያ የሆነው ነገር ልቡን ሰብሮት "ከዚህ በኋላ በእኔ አንድ ድምፅ የሚሆን ነገር የለም" ብሎ ዘጋው። "ታዲያ ፔንሲልቬንያ ምን ያደርግልሃል?" ብዬ ተቆጣሁት ያን ቀን፣ ልጁ ከሄደ በኋላ። "ፔንሲልቬንያ ደስ የሚለኝ ስለማይነካኝ ነው" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን አልሳቀም። አዘንኩለት፤ ክርክሩን ትቼ የቀዘቀዘ ሻዩን ቀየርኩለት።

ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት ሦስቱ ዕጩዎች በሰፈሩ አዳራሽ ሕዝብ ፊት እንዲቀርቡ ተዘጋጀ። አባቴ የመጣው ሹፌራችን ስለሆነ ነው፤ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ሊያደርሰን። ገና ከመግባታችን ሦስቱም ተራ በተራ መጥተው የእናቴን እጅ ጨበጡ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደጋፊ መስላቸዋለች። እሷም ለሁሉም እኩል ፈገግ አለች።

ንግግሩ ተጀመረ። የእኔዋ አስተማሪ ጥሩ ተናገረች፤ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ቢጫው ጉድጓዱን ሁሉ በየመንገዱ ስም ዘረዘረ። ቀዩ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠቀምባቸው አገልግሎቶች "እንደገና መታየት አለባቸው" አለ። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ጥያቄ ተባለና እጄን ሳላወጣ የእናቴ እጅ ወጥቶ አየሁት። "ነይ ተርጉሚልኝ" ብላ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ።

"በያቸው፦ ሦስታችሁም ቤቴ ገብታችኋል፤ ሦስታችሁም ዳቦዬን በልታችኋል።"

እኔ በእንግሊዝኛ "እናቴ ሦስታችሁንም በማግኘቷ ደስ ብሏታል ትላለች" አልኩ።

"መብላታቸውን ዘለልሽው" አለችኝ በማይክሮፎኑ። ሐበሾቹ ሳቁ። ተርጉሜ አስተካከልኩ፤ አሁን አዳራሹ ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ግን ቀልድ አልነበረም። "እኔ ጠዋት እወጣለሁ፣ ባለቤቴ ማታ ይወጣል" አለች። "የምንገናኘው ከሰዓት ነው። ያ አውቶቡስ ከቀረ ሺፍቴ ይቀየራል። ከዚህ ሰውዬ ጋር ስንት አገር አቋርጬ መጥቻለሁ፤ አሁን በእርጅናዬ በእሁድ ብቻ ላየው ነው። ቤቴ ሆናችሁ አያለሁ ብላችሁኛል። ሰው ፊት ንገሩኝ፤ አውቶቡሱ ይኖራል ወይስ ይቀራል?"

መተርጎም ጀመርኩ፤ "በእሁድ ብቻ" የሚለውን ሳላስበው ሁለቴ ተረጎምኩት። እናቴ ስለ አባቴ በሰው ፊት እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ፊሊፒናዊቷ ጓደኛዋ ከኋላ ተነስታ ቆመች። የፑንጃቡ ሽማግሌም ቆሙ። ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች፣ የሥራ ጫማ ያደረጉ፣ የንጋት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሱ። ቀና ስል አባቴም ቆሟል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

የእኔዋም ቢጫውም ወዲያው "ይኖራል" አሉ። ሁሉም ቀዩን ማየት ጀመረ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ፣ ማይክሮፎኑን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ፣ "ዳቦው በጣም ጥሩ ነበር" አለ። ሳቅ ሆነ። "ሁለቴ ነው የበላሁት። አውቶቡሱ ይኖራል፤ ከተመረጥኩ ድምፄን ለእሱ እሰጣለሁ።" እናቴ አንገቷን ነቅንቃ ተቀመጠች።

በምርጫው ቀን አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ታክሲውን አስነሳ። ማንም ተነስ አላለውም። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ተሰለፍን። መርጦ ሲወጣ አውራ ጣቱን ወደ ምርጫ አስፈጻሚዋ ዘረጋላት፤ አገር ቤት የመረጠ ሰው ጣቱ ቀለም ይቀባ ነበርና። እሷ ደግሞ ሰላምታ መስሏት ጣቱን ይዛ ሞቅ አድርጋ ጨበጠችው። አባቴ ግራ ገብቶት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እኔና እናቴ ኮሪደሩ ውስጥ በሳቅ ግድግዳ ደገፍን።

ያሸነፈው ቀዩ ነው። የእኔዋ ተከትላው ሁለተኛ ወጣች። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፣ መሪውንም መታሁት። እናቴ ጋ ደውዬ "በቃ አለቀ፣ የነጋዴ ቃል!" ስላት "አታልቅሺ፣ በልቷል" አለችኝ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እኔ የማምነው በተደራጀ ሕዝብ ነው እንጂ በድፎ ዳቦ አይደለም። በነጋታው ከአስተባባሪው ልጅ ጋር ሆነን የአውቶቡሱን ሰዎች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርን፤ የቀዩ ቢሮም ስልኩ ረፍት አጣ። እናቴም በበኩሏ አንድ ዳቦ ጋግራ ላከችለት፤ እንዳይረሳ።

የአሜሪካኖቹም ምርጫ መጣና ሄደ። አባቴ እንደልማዱ በቴሌቪዥኑ የውጤት ካርታ ፊት ተቀመጠ። መሃል ላይ ግን ወደ እኔ ዞሮ "የእኛስ በጀት መቼ ነው የሚወሰነው?" አለኝ። የእኛ ማለቱን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ባየው ያፍርብኛል ብዬ ፈራሁ።

ውሳኔው በሚሰጥበት ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ሄድኩ። አባቴ ሳይተኛ ጠበቀኝ። የምክር ቤቱን ስብሰባ በትልቁ ቴሌቪዥን ከፍቶታል። ስለ በረዶ ጠረጋ፣ ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ መናፈሻ ወንበር ሲነጋገሩ እሱ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። "ያቺ ሴትዮ ጎበዝ ናት፣ ይሄኛው ግን ወሬ ያበዛል" ይለኛል፣ አዲስ ፔንሲልቬንያ እንዳገኘ ሰው። ምሳው ምድጃ ላይ እየሞቀ ነበር። የአውቶቡሱ ተራ የደረሰው እናቴ ከሥራ በምትመለስበት ሰዓት አካባቢ ነው። የእያንዳንዱ ድምፅ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ቀዩ ቃሉን ጠብቋል። አውቶቡሱ ይኖራል።

እኔ ከሶፋው ዘልዬ ጮህኩ። አባቴ ግን ተነስቶ ጫማውን አደረገና ያለ ኮት፣ በሸሚዝ ብቻ፣ በረዶው ላይ ወጣ። "አባዬ፣ ብርድ ነው!" እያልኩ ኮቱን አንስቼ ተከተልኩት። ፌርማታው ላይ ስደርስ አውቶቡሱ ቆሞ እናቴ እየወረደች ነው። ባዶ እጁን፣ ያለ ኮት ቆሞ ስታየው ደነገጠች።

"ምን ሆነ? ምን ሆንክ?"

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበላት። "ምንም" አላት። "ነገም ከሰዓት ትመጫለሽ።"

እናቴ ሻርፗን ፈትታ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለትና ክንዱን ያዘች። ኮቱን በእጄ እንደያዝኩ ከኋላቸው ተከተልኩ፤ ምሳው ምድጃ ላይ ነበር።